«ጭንቀት አለብኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

 

በኢንቦክስ በብዛት የሚደርሰኝ መልእክት በጣም አጭር ነው፦ «ዶክተር፣ ጭንቀት አለብኝ፤ ምን ልውሰድ?» እኔም ሁልጊዜ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነው፦ «ጭንቀት ስትል ምን ማለትህ ነው?» አንዳንዱ ሰው ጥያቄው ይገርመዋል። ጭንቀት ያው ጭንቀት ነው፣ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል?

ያስፈልገዋል። ቃሉ በአማርኛችን በጣም ሰፊ ነው። የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው፣ ልቡ በድንገት እየደለቀ «ልሞት ነው» ያለ ሰው፣ ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰው፣ ሁሉም «ጭንቀት» ይላሉ። ለሐኪም ግን እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው፤ የሚደረግላቸውም ይለያያል። ስለዚህ ዛሬ ከመድኃኒቱ በፊት ቃሉን እንማር።

1. ቃሉ ከየት እስከ የት ይደርሳል?

መነሻው «ጨነቀ» የሚለው ግስ ነው። በየቀኑ አፋችን ላይ ያሉትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጨነቀኝ» - ይህን የምንለው ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ በምንልበት መንገድ ነው። «እኔ ራብኩ» የሚል ሰው የለም፤ ረሃቡ ነው የመጣበት። ጨነቀኝም እንደዚያው ነው። ነገሩ መጣብኝ እንጂ እኔ ፈልጌ አላደረግኩትም ማለት ነው። «ወደህ ነው የምትጨነቀው» ለሚል ሰው ቋንቋችን ራሱ መልስ ይዟል።

«ተጨነቅኩ» - እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ምክንያት አለ። ስለ ፈተናው፣ ስለ ልጄ ጤና፣ ስለ ዕዳዬ ተጨነቅኩ። «ስለ ምን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያለው ጭንቀት ነው።

«ጭንቅ» - ክፉ ሰዓት፣ መከራ ነው። ምጥ ላይ ያለች ሴት «በጭንቅ ላይ ናት» ይባላል። ምእመናን እመቤታችንን «ጭንቅ አማላጅ» የሚሏትም ለዚህ ነው። ጭንቅ መጀመሪያ አለው፣ መጨረሻም አለው።

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» - እዚህ ተረት ውስጥ ቃሉ መላ ማጣትን፣ መውጫ መጥፋትን ነው የሚናገረው። ሰውየው ልቡ መታ አልመታ ተረቱ ግድ የለውም፤ አማራጭ አጥቷል ነው የሚለው።

«መጨናነቅ» - «የትራፊክ መጨናነቅ» ስንል መኪናው መላወሻ አጣ ማለታችን ነው። የዚሁ ግስ ዘመድ ነው።

«ጭንቅ ጥብብ አለኝ» - ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ገላጭ ይሄ ነው። ጭንቀትን ከጥበት ጋር አንድ ላይ ያስረዋል። ደረት ጠበበ፣ ቤቱ ጠበበ፣ ዓለም ጠበበች። የሚገርማችሁ፣ በእንግሊዝኛ «አንዛይቲ» የሚባለው ቃልም መነሻው ማነቅ፣ ማጥበቅ የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ነው። በጀርመንኛ ፍርሃት ማለት የሆነው «አንግስት»ም ከጠባብነት ጋር የሚዛመድ ቃል ነው። ቋንቋው ቢለያይም የሰው ደረት አንድ ነው።

«አታስጨንቀኝ»፣ «ምን አስጨነቀኝ!» - እነዚህ ደግሞ ከሕመም ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። አንዱ «ተወኝ»፣ ሌላው «ምን አገባኝ» ማለት ነው።

«ጭንቀታም» - ይቺ ቃል ላይ እንጠንቀቅ። ሌሎቹ ያለንበትን ሁኔታ ይናገራሉ፤ ይቺ ግን ሰውየውን ራሱን ትሰይማለች። ስኳር ያለበትን ሰው በበሽታው ስም እንደማንጠራው ሁሉ የሚጨነቅንም ሰው «ጭንቀታም» ባንለው ጥሩ ነው። እንዲህ የተባለ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፋው ዝም ይላል።

2. ጭንቀት በሰውነት ሲናገር

ብዙ ሰው ክሊኒክ ሲመጣ «ጭንቀት» የሚለውን ቃል ጭራሽ አያነሳም። የሚለው እንዲህ ነው፦ ልቤ ድው ድው ይላል። ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ደረቴን ይጨምቀኛል። ጉሮሮዬን ያንቀኛል። አናቴን ያቃጥለኛል። ውርር ያደርገኛል። ጉልበቴ ይብረከረካል። በንዴትና በሐሳብ ጊዜ «ጨጓራዬን ላጠው» የምንለውም አለ።

ይሄ ማስመሰል አይደለም። አእምሮ አደጋ አለ ብሎ ሲያምን ለሰውነት የማንቂያ ደወል ይደውላል። አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ይለቀቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እጅ ያልበዋል፣ የሆድ ዕቃ ሥራው ይዛባል። ጅብ ቢያባርራችሁ ይሄ ሁሉ ሕይወት ያድናል። ችግሩ የሚመጣው ጅቡ በሌለበት ደወሉ ሲደወል፣ ወይም አንዴ ከተደወለ በኋላ አልጠፋ ሲል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በእኛም አገር ጥናቶች የሚሠራበት 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ ኤስአርኪው-20 ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ እንቅልፍ ነው የሚጠይቁት። ከዚያ እጅ መንቀጥቀጥ፣ የምግብ አለመፈጨት፣ ሆድ ላይ ምቾት ማጣት ይመጣሉ። አእምሮ ሲጨነቅ ሰውነት እንደሚናገር ስለሚታወቅ ነው እንዲህ የተዘጋጀው።

ስለዚህ ለዓመታት የጨጓራ መድኃኒት እየቀያየራችሁ፣ ምርመራውም ደጋግሞ «ምንም የለም» እያለ ሕመሙ አልለቅ ካላችሁ፣ ለሐኪማችሁ ስለ ሐሳባችሁና ስለ እንቅልፋችሁም ንገሩት።

3. አንድ ቃል፣ ሦስት ሰው

የሚከተሉት ሦስት ሰዎች የአንድ ታካሚ ታሪክ አይደሉም፤ በሥራዬ ደጋግሜ ከማያቸው ሰዎች የተውጣጡ ናቸው። ሦስቱም የገቡት «ጭንቀት አለብኝ» ብለው ነው።

የመጀመሪያዋ ሱቅ ያላት ሴት ናት። አከራይዋ ኪራይ ጨምሮባታል፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያም ደርሷል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፏ ተዛብቷል። ግን ሱቋን ትከፍታለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ስትሆን ትስቃለች፣ ዕቁቧ ሲወጣላት ደግሞ እፎይ እንደምትል ታውቃለች። የእሷ «ተጨነቅኩ» ነው። ከባድ ነው፣ ያደክማል፤ ግን በሽታ አይደለም። የሚያስፈልጋት የሚሰማት ሰው፣ መላና ዕረፍት ነው። ኪኒን አላዝላትም።

ሁለተኛው ወጣት ነው። ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ በድንገት ልቡ ይደልቃል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ እጁ ይደነዝዛል፣ «በቃ ልሞት ነው» ይላል። ድንገተኛ ክፍል ይወስዱታል። ኢሲጂ ይነሳል፣ ደም ይመረመራል፣ ሁሉም ደህና ነው። «ምንም የለብህም» ተብሎ ይሸኛል። በወሩ ይደገማል። አሁን ታክሲ መሳፈር ትቷል፤ ከሰፈሩ ርቆ አይሄድም። የእሱ ፓኒክ አታክ ይባላል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ የሚነካ፣ ከዚያ የሚበርድ ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ነው። «ልብህ ደህና ነው» መባሉ ትክክል ነው፤ «ምንም የለብህም» መባሉ ግን ትክክል አይደለም። የሚታከም ነገር አለበት።

ሦስተኛዋ ዕድሜያቸው ወደ 55 የሚጠጋ እናት ናቸው። «እናቴ፣ ጭንቀት ሲሉ ምን ይሰማዎታል?» ስላቸው «ልጄ፣ ጭንቀት ነው፤ ሌላ ምን እላለሁ» ይላሉ። ቀስ እያልኩ ስጠይቅ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይነቃሉ፤ ከዚያ እንቅልፍ የለም። ምግብ አይጥማቸውም። ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት ትተዋል። የልጅ ልጃቸው እንኳ ደስ አያሰኛቸውም። መጨረሻ ላይ፣ አቀርቅረው፣ «ምነው በወሰደኝ» ይላሉ።

ይሄ ድባቴ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ዲፕሬሽን በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። እናታችን «ጭንቀት» ያሉት ሌላ ቃል ስላልመጣላቸው ነው። ቃሉን ብቻ ሰምቼ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጥቼ ብሸኛቸው ዋናው ሕመም ሳይታከም ይቀራል። «ምነው በወሰደኝ» ደግሞ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ንግግር አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ ሳትፈሩ በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ልትጎዳ አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብዙ ጊዜ ሸክሙን ያቀላል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻውን አትተዉት፤ መድኃኒትና ገመድ የመሳሰለውን ከአጠገቡ አርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ጭንቀትና ድባቴ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። እንዲያውም የተለመደ ነው። በግርድፉ ለመለየት ግን፦ ጭንቀት «ምን ይመጣ ይሆን?» እያለ ወደ ፊት ያያል፤ ድባቴ «ከእንግዲህ ምን አለ?» ይላል።

4. መቼ ነው ሕመም የሚባለው?

መጨነቅ በራሱ ጤናማ ነው። ጭራሽ የማይጨነቅ ተማሪ አያጠናም፤ ጭራሽ የማትጨነቅ እናት ልጇን መንገድ ላይ ትለቃለች። ወደ ሕመም የሚሻገረው መቼ እንደሆነ ለማወቅ አራት ነገሮችን ጠይቁ፦

- ይመጣጠናል ወይ? ጭንቀቱ ከምክንያቱ በጣም ከበለጠ፣ ወይም ያለ ምንም ምክንያት ከመጣ።
- ምን ያህል ቆየ? ስለ ብዙ ነገር፣ አብዛኛውን ቀን፣ ለ6 ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ ሐኪሞች አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም የሚሉትን ያስባሉ። ለሕክምና ግን 6 ወር እስኪሞላ አትጠብቁ።
- ማቆም ይቻላል ወይ? «ተወው» ብላችሁ ራሳችሁን ብትመክሩም ሐሳቡ አልቆም ካለ።
- ምን አስቀረባችሁ? ሥራ፣ ትምህርት፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ታክሲ፣ እንቅልፍ። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች የጭንቀት ሕመም ነበረባቸው። ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ የሚያገኙት ደግሞ ከ4ቱ 1 ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ እናንተ ብቻ አይደላችሁም።

5. ጭንቀት የሚመስሉ፣ ጭንቀት የሚያባብሱ

«ጭንቀት ነው» ብሎ ከመደምደም በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይከሳል። ደም ማነስ፣ የልብ ምት መዛባት፣ የስኳር መውረድም ተመሳሳይ ስሜት ይሰጣሉ። የአስም መንፊያም ልብ ሊያስመታ ይችላል። ለዚህ ነው በኢንቦክስ መድኃኒት የማላዘው።

ደረት ላይ ሕመም ከተሰማችሁ፣ በተለይ ደረጃ ስትወጡ የሚብስ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ወይም ራስ የሚያስት ከሆነ «ያው ጭንቀቴ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ቶሎ ታዩ።

ከዚያ ቡና አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ማታ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ልቤ ይመታል» የሚል ሰው ብዙ ነው። ጭንቀት ያለበት ሰው መጠኑን ይቀንስ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቢተወው ይሻላል።

ጫትም እንደዚሁ። ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አነቃቂ ነው፤ ምርቃናው ሲወርድ ድብርቱና ጭንቀቱ ይመጣል። ያንን ለማብረድ ጨብሲ፣ ለመተኛት ኪኒን፣ ጠዋት ለመንቃት ደግሞ ጫት። ይሄ አዙሪት ውስጥ የገባ ሰው ጭንቀቱን ከእነዚህ ነጥሎ ማከም አይቻልም።

6. ሐኪም ጋ ስትሄዱ እንዴት ንገሩት?

የእኛ አገር ተመላላሽ ክፍል ሰልፉ ረጅም፣ ጊዜው አጭር ነው። «ጭንቀት አለብኝ» ብላችሁ ዝም ካላችሁ ደቂቃዋ ታልፋለች። ስልካችሁ ላይ እነዚህን 6 ነገሮች ጽፋችሁ ግቡ፦

- ሰውነቴ ላይ የሚሰማኝ፦ (ልብ፣ ሆድ፣ ራስ፣ ትንፋሽ፣ እንቅልፍ)
- የጀመረኝ መቼ ነው፤ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፤ ሲመጣ ስንት ደቂቃ ይቆያል
- በዚያ ሰዓት የምፈራው ምንድነው? (ልሞት ነው፣ ላብድ ነው፣ ሰው ፊት ልዋረድ ነው፣ ልጄ አንድ ነገር ይሆናል)
- በእሱ ምክንያት የተውኩት ነገር
- የምወስደው፦ መድኃኒት፣ ቡና፣ ጫት፣ አልኮል፣ የባህል መድኃኒት
- ድሮ ደስ የሚለኝ ነገር አሁንም ደስ ይለኛል? ሕይወት አስጠልቶኝ ያውቃል?

ውጭ አገር ሆናችሁ በአስተርጓሚ የምትታከሙ ወገኖቼ ደግሞ ይሄ ምክር በእጥፍ ይጠቅማችኋል። «ጭንቀት» የምትለዋን ቃል አንዱ አስተርጓሚ «ስትሬስ»፣ ሌላው «አንዛይቲ» ብሎ ሊተረጉማት ይችላል፤ ለሐኪሙ ግን የተለያየ ነገር ነው የሚሰማው። ስለዚህ ቃሉን ብቻ አትስጡት። የሚሰማችሁን ዘርዝሩለት። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» የሚለው ደግሞ ቃል በቃል ሲተረጎም የሆድ ሕመም ሊመስል ስለሚችል «ሆዴን አላመመኝም፣ ስሜቴ ነው የተረበሸው» ብላችሁ ጨምሩበት።

7. ሕክምናው ምን ይመስላል?

ጥሩው ዜና የጭንቀት ሕመም መታከም የሚችል መሆኑ ነው።

የንግግር ሕክምና - «ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ» የሚባለው በደንብ የተጠና ነው። የሚያስፈራውን ሐሳብ መመርመርን፣ የሸሹትን ነገር ደግሞ ቀስ በቀስ መልሶ መልመድን ያስተምራል። ታክሲ የፈራው ወጣት መጀመሪያ አንድ ፌርማታ፣ ከዚያ ሁለት እያለ ይመለሳል።

መድኃኒት - እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉት ለጭንቀትም ለድባቴም ይሠራሉ። ግን ዛሬ ውጦ ነገ መዳን የለም፤ ለውጡ እስኪታይ ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱ ትንሽ ሊጨምርም ይችላል። ይህን ያልተነገረው ሰው በ4ኛው ቀን «አልተስማማኝም» ብሎ ይጥለዋል። ሲሻላችሁም በራሳችሁ አታቁሙ።

ዳያዞፓምና መሰሎቹ - ቶሎ ያረጋጋሉ፤ ስለዚህም ይወደዳሉ። ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሱስ ሊያስይዙ ይችላሉ፤ ከአልኮል ጋር ሲወሰዱ ትንፋሽ ሊያዳክሙ ይችላሉ፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በአንዴ ካቆመም አደገኛ ነው። ከጎረቤት ተውሳችሁ አትዋጡ።

ጸሎት፣ ጸበል፣ ዱዓ - ለብዙ ሰው ትልቅ ብርታት ነው፤ ከሕክምናም ጋር አይጣላም። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፦ ጸበል ስትገቡ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ።

ፓኒኩ ሲመጣ - ቁጭ በሉ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ በአፍ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ለራሳችሁ «ይሄ ማንቂያ ደወል ነው፤ ያልፋል» በሉ። ልባችሁ አስቀድሞ ተመርምሮ ደህና ከተባለ ይሄ ለብዙ ሰው ይሠራል።

የት ይኬዳል? ከጤና ጣቢያ ወይም ከአቅራቢያ ሆስፒታል መጀመር ትችላላችሁ። በርካታ ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ክፍል አላቸው። «አማኑኤል» የሚለውን ስም ስለምንፈራ ብቻ ሕክምና የምንተው ብዙ ነን። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል እንደማንኛውም ሆስፒታል ሰው ታክሞ የሚመለስበት ቤት ነው።

8. ለቤተሰብና ለጓደኛ

አንድ ሰው «ጨነቀኝ» ሲላችሁ መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው «አትጨነቅ» ነው። በቅንነት ነው የምንለው። ግን «ራበኝ» ላለ ሰው «አትራብ» እንደማለት ነው። «ከአንተ የባሰ ስንት አለ»፣ «ምን ጎደለህና ነው» የሚሉትም ዝም ያሰኙታል እንጂ አያሽሉትም።

በአማርኛ የተሻለ ቃል አለን፦ «አይዞህ»፣ «አይዞሽ»። «አትጨነቅ» የሚለው ስሜቱን እንዲተው ያዝዘዋል፤ «አይዞህ» ግን «አለሁልህ» ይለዋል። ከአይዞህ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ሲጨንቅህ ምን ይሰማሃል?» ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙት። ኪራዩ ከሆነ መላ አብራችሁ ፈልጉ። ልቡ የሚደልቅ ከሆነ ሐኪም ጋ አብራችሁት ሂዱ። «ምነው በወሰደኝ» ካለ ደግሞ ነገ አትበሉ።

እስቲ ከሥር በኮሜንት ጻፉልኝ፦ በእናንተ አካባቢ ሰው ሲጨንቀው ምን ይላል? «ባር ባር አለኝ» ትላላችሁ ወይስ ሌላ አባባል አላችሁ? የታካሚዎቼን ቋንቋ ባወቅኩ ቁጥር በደንብ እሰማቸዋለሁ። ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው ደግሞ ሼር አድርጉለት።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የተዘጋጀ ነው፤ በአካል የሚደረግን ምርመራ አይተካም።

ጤና ይብዛላችሁ!